ጠጠሩ ከወጣ በኋላ

የኩላሊት ጠጠር ሕመም በተነሣበት ሰው ቤት ያደረ ሰው ሁኔታውን አይረሳውም። ሕመምተኛው መቀመጥም መተኛትም አይሆንለትም፤ ጎኑን ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ይንከራተታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የቀመሰውን ሁሉ ይመልሳል። ስለዚህም ቀዶ ሕክምናው ተጠናቅቆ ሐኪሙ ጠጠሩን በትንሽ ብልቃጥ ይዞ ብቅ ሲል፣ በር ላይ የሚጠባበቀው ቤተሰብ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ እፎይ ማለቱ የሚገባ ነው። ሹክር ሊደረግበት የሚገባ ጸጋ ነውና።

ይሁን እንጂ በየሰፈራችን እንደምናየው ይህ እፎይታ አንዳንድ ጊዜ ከልክ ያልፋል። ጠጠሩ ወጣ፣ ነገሩ አለቀ ይባላል። ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ወረቀት ከመድኃኒቱ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና እዚያው ይቀራል። ጠጠሩን የፈጠረው ምክንያት ግን ከጠጠሩ ጋር አብሮ አልወጣም። አንድ ጊዜ ጠጠር ከያዛቸው ሰዎች መካከል፣ ምንም ጥንቃቄ ካልተደረገ፣ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና እንደሚይዛቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። በመሆኑም በዚህ ወር ጽሑፋችን ከሆስፒታሉ በር ወዲህ ያለውን ጊዜ፣ በተለይም ሕክምናውና ዒባዳው በአንድ ቤት ውስጥ የሚገናኙበትን ጉዳይ ለማየት ወደናል።

ለመሆኑ የተደረገው ምን ዓይነት ቀዶ ሕክምና ነው? የማገገሚያው ጊዜ በዚህ ስለሚወሰን ቤተሰቡ ይህን አስቀድሞ ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል። የቀድሞው መንገድ ጎንን በሰፊው ቀዶ እስከ ኩላሊቱ መድረስ ሲሆን፣ ቁስሉ ጠንክሮ እስኪድን ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ሁለተኛው፣ ከጀርባ በኩል አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ በምትሆን ቀዳዳ መሣሪያ አስገብቶ ጠጠሩን ሰባብሮ ማውጣት ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1976 ከስዊድን የተሰማ ሲሆን፣ ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በ2 ሳምንት ገደማም ቀላል ቀላሉን ሥራ ይጀምራል። ሦስተኛው ያለ አንዳች ቅድ በሽንት መውጫው በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ማድቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመኗ ሙኒክ ከተማ በሰው ላይ የተጀመረው፣ ከሰውነት ውጭ በሚላክ የሞገድ ኃይል ጠጠርን የማድቀቅ ሕክምና ደግሞ ቀዶ ሕክምና አይባልም፤ ደቃቁ በሽንት እስኪወጣ ግን እርሱም ጊዜና ውሃ ይፈልጋል።

«ኦፕራሲዮን የፈረንጅ ሥራ ነው» እያሉ ለሚያመነቱ ሽማግሌዎቻችን አንድ ነገር ማስታወስ አይከፋም። እ.ኤ.አ. በ925 ገደማ ያለፉት ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ ስለ ኩላሊትና ስለ ፊኛ ጠጠር ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ይኸው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1896 በላይደን ከተማ ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ታትሟል። ከእርሳቸው በኋላ የመጡት የአንደሉሱ አቡል ቃሲም አዝ-ዘህራዊ ደግሞ «አት-ተስሪፍ» የተባለውን ባለ 30 ክፍል መጽሐፋቸውን የመጨረሻ ክፍል ለቀዶ ሕክምና ሰጥተው፣ የፊኛ ጠጠር ተቀዶ እንዴት እንደሚወጣና በሽንት መውጫ ላይ የተቀረቀረች ጠጠር በቀጭን መሰርሰሪያ እንዴት እንደምትሰበር አስፍረዋል። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ለጠየቋቸው የገጠር ዐረቦች እንዲታከሙ እንደነገሯቸው በሐዲስ ተዘግቧል። እንግዲህ ሕክምናን መሻት ከተወኩል ጋር የሚጣላ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ቤተሰቡን በጣም የሚያስደነግጠው የሽንቱ መቅላት ነው። ሽንቱ የቀይ ሻይ ወይም የሥጋ እጣቢ መልክ ይዞ ለጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 2 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት በኋላ፣ በተለይ ሰውየው ትንሽ ከተንቀሳቀሰ፣ እንደገና ቢቀላም የሚያስጨንቅ አይደለም። ውሃ ሲጠጣ ይጠራል። ከጀርባ የገባው ቱቦ ከተነቀለ በኋላም ፋሻውን የሚያርስ ፈሳሽ ለአንድ ሁለት ቀን ሊኖር ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡት ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ በተለይም ብርድ ብርድ ብሎት ከተንቀጠቀጠ፣ ሽንት አልወጣ ካለ፣ ደሙ ደማቅ ሆኖ የረጋ ቁራጭ እየተከተለው ከወጣ፣ ማስታገሻ የማይመልሰው ሕመም ከተነሣ፣ ወይም ቁስሉ መግል ከያዘና ዙሪያው ከቀላ፣ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። በተለይ ከኩላሊት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ በሰዓታት ውስጥ ወደ ደም መመረዝ ሊሄድ ስለሚችል፣ «ወባ ይሆናል» ብሎ ቤት ውስጥ ክኒን መስጠት ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ነው።

ሕመምተኛው ተኝቶ እንዲከርም ማድረግም ደግነት አይደለም። ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ ቀስ እያለ መራመድ አለበት፤ የእግር ደም እንዳይረጋና ሳንባው እንዳይታፈን የሚረዳው ይኸው ነው። ጎኑ የተቀደደ ሰው ሲያስል ወይም ሲስቅ ትንሽ ትራስ ቁስሉ ላይ ደገፍ አድርጎ ቢይዝ ሕመሙ ይቀልለታል። ጄሪካን፣ ጆንያ፣ ሕፃን ልጅ ማንሣት ግን ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ክልክል ነው። አንዳንድ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሆድ ስለሚያደርቁ ፓፓያ፣ አትክልትና ውሃ በብዛት ይቅረብለት፤ ማማጥ ቁስሉን ይጎዳዋልና። አንቲባዮቲኩም «ተሽሎኛል» ተብሎ በመካከል አይቋረጥም።

ውስጥ የቀረችው ቱቦ

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ስቴንት የምትባል ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቱቦዋ አንደኛው ጫፏ በኩላሊት፣ ሌላው በፊኛ ውስጥ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ቧንቧው ቢያብጥ እንኳ ሽንት ማለፊያ እንዲያገኝ ታደርጋለች። ከውጭ አትታይም። በዚህም ምክንያት ትረሳለች።

ድሬዳዋ ውስጥ የምናውቃቸው፣ በንግድ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት ነበሩ። ጠጠሩን ያወጡት ከመኖሪያቸው ርቆ በሚገኝ ሆስፒታል ሲሆን፣ በሳምንታቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ስለ ቱቦዋ የሚናገረው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር፤ በቃል የነገራቸውም ቢኖር ማስታገሻው ባፈዘዛቸው ሰዓት ሳይሆን አልቀረም። ሽንት ሲሸኑ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ቶሎ ቶሎ ይመጣባቸዋል፤ እርሳቸው ግን የቁስሉ ጥዝጣዜ ነው ብለው ቻሉት። 14 ወራት አለፉ። አንድ ሌሊት በትኩሳት ሲንቀጠቀጡ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ፤ ራጅ ሲነሡ ቱቦዋ ከነጠመዝማዛ ጫፎቿ በጠጠር ተሸፍና ታየች። ጠጠርን ለማስወገድ የገባችው ራሷ ጠጠር አፍርታ፣ እርሷን ለማውጣት ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና አስፈለገ። የመጀመሪያውን ወረቀት አውጥታ አንብባ ቱቦዋ በ4ኛው ሳምንት መውጣት እንደነበረባት ለቤተሰቡ የነገረችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ናት።

ስቴንት እንደ ሐኪሙ ውሳኔ ከአንድ እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ትወጣለች፤ ተራዋ ቱቦ ከ3 ወር በላይ እንድትቆይ አይመከርም። አወጣጧ ቀላል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ቅድ አያስፈልገውም፣ በደቂቃዎች ያልቃል። እስከዚያው ድረስ ቶሎ ቶሎ የመሽናት ስሜት፣ ሲሸኑ ጎን ላይ የሚሰማ መወጋትና አልፎ አልፎ የሽንት መቅላት በእርሷ ምክንያት የሚመጡ ናቸው። እንግዲህ ትምህርት ቤት የምትሄዱ ወጣቶች፣ በዚህ ረገድ ከእናንተ በላይ ለቤተሰቡ የሚጠቅም የለም። አባት ወይም እናት ከሆስፒታል ሲወጡ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ አንብቡ፣ «ውስጥ የቀረ ቱቦ አለ ወይ? የሚወጣው መቼ ነው?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁና ቀኑን በግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ አክብቡት።

ለውዱእ ሲባል የሚቀር ውሃ

እኒሁ አባት ቱቦዋ ከወጣች በኋላ ሐኪሙ ስለ አጠጣጣቸው ሲጠይቃቸው የሰጡት መልስ እኛን ብዙ አሳስቦናል። ከዐስር በኋላ ውሃ አይቀምሱም ነበር። ምክንያታቸው ንጹሕ ነው፤ የመግሪብን ሶላት ከሰገዱ በኋላ እስከ ዒሻእ መስጊድ ውስጥ ደርስ እየሰሙ ይቆያሉ፣ ውሃ ከጠጡ ውዱኣቸው ይፈታል፣ መታጠቢያው ጋ ደግሞ ሰልፍ አለ። ሌሊት እንዳይነሡም ብለው ከእራት ጋር አንዲት ስኒ ሻይ ብቻ ይጠጣሉ። ቀን በሱቃቸው ሙቀት ውስጥ ያልባቸዋል። ሽንታቸው ምን ዓይነት መልክ እንዳለው ሲጠየቁ «እንደ ማር» አሉ።

ይህ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በመስጊዶቻችን የሚታዩ ብዙ ደጋግ አባቶችና እናቶች እንዲህ ያደርጋሉ። ልጃገረዶቻችን ንጹሕ መጸዳጃ ስለማያገኙ ትምህርት ቤት ውሃ አይጠጡም፤ የረጅም መንገድ ሾፌሮች መንገድ ላይ ላለመቆም ይተዉታል፤ በሳውዲ፣ በኩዌትና በኤምሬት በዚያ ሐሩር የሚሠሩ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ ሥራው ፋታ አይሰጣቸውም። ጠጠር የሚፈጠረው ሽንት ሲወፍር ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ሲተንን ጥርኝ ታች እንደሚቀር ሁሉ፣ በሽንት ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ኦክሳሌት የሚባሉት ነገሮች የሚያሟሟቸው ውሃ ሲያንስ ተጣብቀው ጠጠር ይሆናሉ። ስለዚህ ጠጠር የወጣለት ሰው ሁሉ የሚታዘዘው አንድ ነገር ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሸናው ሽንት ከ2 ሊትር ተኩል እንዳያንስ አድርጎ መጠጣት። ይህም በእኛ የአየር ጠባይ 3 ሊትር ያህል፣ ማለትም ግማሽ ሊትር የምትይዘውን የውሃ ፕላስቲክ 6 ጊዜ መጨረስ ማለት ነው፤ ቆላ ያለ ወይም በላብ የሚሠራ ሰው ከዚህም ይጨምራል። የልብ ሕመም ያለበት ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ይጠይቅ። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሽንቱ ውሃ ሊመስል የቀረበ ነጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ጠጥቷል።

ታዲያ ውዱኡስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሽንትና ሰገራ እየገፋው ያለ ሰው በዚያ ሁኔታ እንዳይሰግድ መከልከላቸው በሶሒሕ ሙስሊም ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል። ሽንትን ይዞ ውዱእን ማቆየት እንግዲህ በራሱ የተወደደ ሥራ አይደለም። ውዱእን ማደስ ደግሞ ብዙ ውሃ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ እርሳቸው በአንድ ሙድ፣ ማለትም መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን ገጥሞ በሚይዘው ውሃ ልክ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ታውቋል። የመታጠቢያው ሰልፍ የመስጊድ ኮሚቴዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ሆኖ፣ ሕመምተኛው ግን ለዚያ ሲል ኩላሊቱን ማድረቅ የለበትም። ምስጋና ለአሏህ ይሁንና እኒያ አባት አሁን የውሃ ጠርሙሳቸውን ይዘው ወደ ደርሱ ይመጣሉ፤ በመካከል ተነሥተው ሲወጡም ሸኹ ቦታቸውን ያስጠብቁላቸዋል።

ድሬዳዋን ካነሣን፣ በዚያም በሐረርም ሰዎች ጠጠሩን «ውሃው ነው ያመጣው» ሲሉ እንሰማለን። በማንቆርቆሪያው ግድግዳ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር እያዩ የሚሉት ነው። የውሃው ከባድነት እውነት ነው፤ ይሁንና በዚህ ፍርሃት ውሃ የሚቀንስ ሰው ከሸሸው ነገር የባሰውን ይገዛል። የሚበልጠው ጉዳት ከውሃው ዓይነት ሳይሆን ከማነሱ ነው የሚመጣው።

ቁስልና ሶላት

ሕመምተኛው በሆስፒታል አልጋ ላይ እያለ የሽንት ቱቦና ከረጢት ተያይዞለት ይሆናል። «ነጃሳ ይዤ እንዴት እሰግዳለሁ?» ብለው ሶላታቸውን የሚያቋርጡ አሉ፤ ይህ አሳዛኝ ነው። ሽንቱን መቆጣጠር የማይችል ሰው ዑዝር ያለው ነው፤ ፉቀሃዎች ስለ እርሱ በሰፊው ተናግረዋል። በሐነፊ መዝሀብ ለእያንዳንዱ የሶላት ወቅት፣ በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ ወቅቱ ከገባ በኋላ ለእያንዳንዱ ፈርድ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው አይጎዳውም። በአካባቢው የሚሠራበትን መዝሀብ ዝርዝር ኢማሙን መጠየቅ ነው። ቁስሉ በፋሻ ከተሸፈነ ደግሞ በፋሻው ላይ በእርጥብ እጅ ማበስ፣ ውሃ መንካት የሚጎዳው ከሆነም ተየሙም ማድረግ የታወቁ ሩኽሳዎች ናቸው።

አቋቋሙንም በተመለከተ፣ ኪንታሮት ይዟቸው የነበሩት ሶሐባ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቀው፣ ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልሆነ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ እንደተነገራቸው ቡኻሪ ዘግበዋል። ጎኑ የተሰፋ ሰው ሱጁድ ሲወርድ ስፌቱ ይወጠራል፤ ስለዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለሩኩዕ ትንሽ፣ ለሱጁድ ከዚያ ዝቅ ብሎ በምልክት ይሰግዳል። ይህ የሰነፍ ሶላት አይደለም።

ሌላም አለ። በነቢዩ ዘመን ራሱ ላይ የቆሰለ አንድ ሰው ሌሊት ገላ መታጠብ ግዴታ ሆኖበት ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ ተየሙም እንዳይበቃው ነገሩት፣ ታጠበ፣ ሞተ። ወሬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ ሲደርስ እጅግ ተቆጥተው ለሞቱ ተጠያቂዎቹ እነርሱ እንደሆኑ፣ አለማወቅም በመጠየቅ እንደሚድን መናገራቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ተቀምጠን ሳናውቅ «አይቻልም»፣ «አይበቃም» የምንል ሰዎች ይህን ሐዲስ ብናስብ ጥሩ ነው።

ማዕድና ዚያራ

ከጠጠር በኋላ ወተት የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። «ጠጠሩ የካልሲየም ነው፣ ወተትም ካልሲየም ነው» ይላሉ። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። በምግብ የሚገባው ካልሲየም አንጀት ውስጥ ኦክሳሌትን ይዞት ይወጣል፤ ካልሲየሙ ሲቀር ኦክሳሌቱ ብቻውን ወደ ደምና ወደ ኩላሊት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ፣ ጠጠር ይመላለስባቸው በነበሩ 120 ኢጣሊያውያን ወንዶች ላይ 5 ዓመት የፈጀ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል፤ ካልሲየም ከተከለከሉት 60 ሰዎች 23ቱን ጠጠሩ ሲመለስባቸው፣ ካልሲየሙን እንደ ልማዳቸው ሆነው ጨውና ሥጋ ከቀነሱት 60ዎቹ ግን የተመለሰባቸው 12 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወተቱና እርጎው ይቅረብለት፤ የሚቀነሰው ጨውና ሥጋ ነው። ለዚህ ነው በዚያራ ሰዓት ሕመምተኛው ፊት በየቀኑ ጥብስና ቅልጥም መደርደሩ ፍቅር ቢሆንም ጥቅሙ የሚያጠራጥረው። ኦክሳሌት የበዛባቸው ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ለውዝ መጠናቸው ይቀነስ፤ ቆስጣ የሚወድ ሰው በጎመን ቢለውጠው ይሻለዋል። በውሃ ውስጥ የሚጨመቅ ሎሚ ደግሞ ጠጠር እንዳይጣበቅ የሚያግዝ ሲትሬት አለው። ለስላሳ መጠጥ በካርቶን ይዘው ለሚመጡ ዘመዶች በአክብሮት «ሎሚና ውሃ ይበቃናል» ማለት ይቻላል።

የወጣችውን ጠጠር በጥጥ ጠቅልለው ለእንግዳ ሁሉ የሚያሳዩ አሉ። ጠጠሯ ላብራቶሪ ብትመረመር ግን ከዚህ የበለጠ ትናገራለች። አብዛኛው ጠጠር የካልሲየም ነው፤ ከዩሪክ አሲድ የተሠራ፣ ከሽንት ኢንፌክሽን የመጣ፣ አልፎ አልፎም በዘር የሚወረስ አለ። እያንዳንዱ መከላከያው ይለያል። የዩሪክ አሲዱ በመድኃኒት ሊሟሟ ይችላል፣ የካልሲየም ኦክሳሌቱ ግን አይሟሟም፤ ማናቸውንም ጠጠር «ያሟሟል» እየተባለ የሚሸጠውን ቅጠል ገዝቶ ለታመመ ኩላሊት መስጠት አደጋ አለው። ዘምዘም በረካ ያለው ውሃ ነው፣ ጥቁር አዝሙድም በሐዲስ የተወሳ ነው፤ ሁለቱም ግን የቱቦዋን ቀጠሮ አይተኩም።

ጠያቂዎች ሆይ፣ ዚያራው ይጠር። ዱዓእ አድርጋችሁ፣ ቤተሰቡ የጎደለው ነገር እንዳለ በዝግታ ጠይቃችሁ ውጡ። የአክስታችሁ ባል በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተ የምትተርኩበት ቦታ ይህ አይደለም። በየሰዓቱ የሚሸና ሰው እንግዳ ፊት መነሣት ያሳፍረዋል፤ አስታማሚዋ እናት ወይም ሚስትም ለእንግዳ ቡና ስታፈላ መድኃኒቱ ሰዓት ያልፍበታል።

ረመዷን ሲመጣ

በየዓመቱ ረመዷን ሲቃረብ ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። አሏህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያሟላ ፈቅዶለታል፤ በባሮቹ ላይ ሊያቀልል እንደሚሻም በዚያው ገልጿል። ቁስሉ ያልጠገገ፣ ቱቦዋ ያልወጣችለት፣ አንቲባዮቲክ ላይ ያለ ሰው ሐኪሙ «አትጹም» ካለው ይህ ለእርሱ የተሰጠ ፈቃድ ነው። ጎረቤት ያየኛል ብሎ መጾም፣ ወይም ጠያቂ ሲመጣ ውሃውን ከአልጋ ሥር መደበቅ አያስፈልገውም። ልጆችም ይህን ይወቁና አባታቸው ቀን ውሃ ሲጠጣ ሲያዩ አይገረሙ።

የዳነና ሐኪሙ የፈቀደለት ሰው ግን ይጾማል፤ የሚለወጠው የሌሊቱ ሥርዓት ነው። 3ቱን ሊትር ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ማከፋፈል ያስፈልገዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ጆግ ጠጥቶ መተኛት አይጠቅምም፤ ውሃው ቶሎ ይወጣና ሌሊቱና ቀኑ ደረቅ ይሆናል። ሲያፈጥር ግማሽ ሊትር፣ ከተራዊሕ በፊት ግማሽ፣ ከተራዊሕ በኋላ ከመተኛቱ በፊት አንድ ሊትር ቀስ በቀስ፣ ለሱሑር ሲነሣ ደግሞ ቀሪውን አንድ ሊትር በቀስታ ቢወስድ ያዳርሰዋል። የሳምቡሳው ጨው ይቀነስ፣ ቴምሩ በውሃ ይበላ። ቀን ቀን ከፀሐይ ሥራ የሚሸሽበት መንገድ ካለ ይሽሽ። በጾም መካከል የጎን ሕመም ከተነሣበት ወይም ሽንቱ ከቀላ ያፈጥርና ወደ ሐኪም ይሂድ።

ያፈጠራቸውን ቀናት ቆጥሮ በደብተር መያዝ፣ የሚቀጥለው ረመዷን ከመግባቱ በፊትም ማውጣት አለበት። በተከታታይ ማድረጉ ግዴታ አይደለም፤ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን እያደረገ፣ ከሰኞና ከሐሙስ ጋር እያገጠመ ሊያወጣቸው ይችላል። መዳን የማይጠበቅለትና መጾም ፈጽሞ የማይችል ሰው ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል፤ የኩላሊት ጠጠር የወጣለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ አይመደብም፣ ቀዷ ነው ያለበት። እንደ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋና አሳይታ ባሉ አካባቢዎች ለሚኖሩ ወገኖች ለዚህ የሚመቸው ሙቀቱ ረገብ የሚልበት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው ጊዜ ነው።